ትርፍ ጎማ ወዴት ይቀመጥ?

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት እርስዎ መኪና የለዎትም ይሆናል፤ የዚህ ዓምድ ጸሐፊም የለውም። ነገር ግን ትምህርቱን ጨርሶ በመንግሥት ሥራ የሚገባ ወጣት መጀመሪያ የሚመደበው ብዙ ጊዜ አስፋልት ከሚያልቅበት ወዲያ ነው። እዚያ ሲደርስ ሥራው በወረቀትና በማኅተም ብቻ የሚካሄድ ሳይሆን፣ በመሥሪያ ቤቱ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናና በአራት ጎማዎቹ ላይ የቆመ መሆኑን ይረዳል። አምስተኛ ጎማ ደግሞ አለ፤ እርሱን የሚያስታውሰው ግን የለም፤ ቢታወስም በጨነቀ ቀን ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ስለ አምስተኛው ጎማ ነው፤ ይኸውም የት ቢቀመጥ እንደሚሻልና፣ ከመኪናው በስተኋላ መሸከሚያ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ምን ማወቅ እንደሚገባው ነው።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት መጨረሻ ከገንዳ ውሃ ተነሥተን ወደ ቋራ፣ ወደ ገለጉ እንጓዝ ነበር። መኪናችን ከኋላው ጭነት የሚይዝ ሂሉክስ ነው። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው በዚያው ዓመት የተመረቀ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲሆን፣ እኔ በእንግድነት ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። በጭነቱ ላይ በገመድ የታሰረ የበረዶ ሣጥን አለ፤ በውስጡ የያዘው የከብት ሳንባ በሽታ ክትባት ነው። ይህ ክትባት ሕያው ስለ ሆነ ቅዝቃዜ ከተለየው ይሞታል፤ የሞተውን ከሕያው በዓይን አይቶ መለየት ግን አይቻልም። ለከብት አርቢዎቹ ደግሞ በዚያው ቀን ማለዳ ከብቶቻቸውን ሰብስበው እንዲጠብቁ ተነግሯቸዋል።

ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ነበር። መተማንና ቋራን ለሚያውቅ ሰው ይህን ያህል መናገር ይበቃዋል። የዚያ አገር ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል፤ አንድ ዝናብ ሲነካው ግን እንደ ሊጥ ሆኖ ከጎማው ላይ ይጠመጠማል። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ የኋላው ቀኝ ጎማ በእሾህ ተወግቶ መተንፈስ ጀመረ። ሾፌሩ ጠጣር መሬት ፈልጎ ለማቆም ሲሞክር መኪናው ከመንገዱ ጠርዝ ተንሸራተተና እስከ ሆዱ ሰመጠ።

«ጋሼ፣ ትርፍ ጎማ የለንም እንዴ?» አለ ወጣቱ።

«አለን እንጂ ልጄ፤ ተቀብሮ ነው እንጂ» አለው ሾፌሩ።

ቀልድ አልነበረም። በዚህ ዓይነቱ መኪና ትርፉ ጎማ የሚንጠለጠለው ከጭነቱ ወለል ሥር፣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ ወዲያ ነው። ማውረጃው በፓራውልቱ በኩል ባለች ቀዳዳ ረጅም ዘንግ አስገብቶ በማዞር ሰንሰለቱን መልቀቅ ነው። እኛ ስንደርስበት ጎማውም ሰንሰለቱም በጭቃ ውስጥ ነበሩ። ማዞሪያው የቆየ ዝገት ይዞታልና አልንቀሳቀስም አለ። አካፋ አልያዝንም። በምግብ ሰሃንና በእጃችን ጭቃውን ስንጭር፣ ክሪኩን ስናቆመው ሲሰምጥ፣ ድንጋይ ፍለጋ ስንሄድ (ዋልካ ላይ ድንጋይ መፈለግ ምን ማለት እንደ ሆነ ያየው ያውቀዋል)፣ ጎማውን ቀይረን ከዚያ ስንወጣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያንስ አልነበረም። በሣጥኑ ውስጥ የነበረው በረዶ ውሃ ሆኖ ነበር።

ስንደርስ ከብቶቹ የሉም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ቆዩን። «ከብቱ ውሃ ጠማውና መለስነው፤ እናንተ ግን ደኅና ናችሁ?» አሉን። ወጣቱ ክትባቱን ለማንም አልወጋም፤ እንደ ተበላሸም ለሽማግሌው በግልጽ ነገራቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በሌላ ክትባት ሲመለሱ የመጣው ከብት ከመጀመሪያው ቁጥር እጅግ ያነሰ እንደ ነበር ሾፌሩ ነገረኝ።

ታዲያ ጎማውን ከሥር ያንጠለጠለው ፋብሪካ ተሳስቶ ነውን? አይደለም። ክብደት ወደ ታች ሲሆን መኪና አይገለበጥም፤ የጭነቱ ቦታም ነጻ ይሆናል፤ ለሌባም አይመችም። ከጎንደር አጠገብ ከአዘዞ ተነሥቶ በአይከል አድርጎ እስከ መተማ ዮሐንስ የሚወርደው መንገድ አስፋልት ነውና፣ በእርሱ ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ጎማው ከሥር ቢሆን ምንም አይጎድልበትም። ጣጣው የሚጀምረው ከአስፋልቱ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ የታጠፈ ዕለት፣ ወደ ሰሊጡና ወደ ጥጡ እርሻ፣ ወደ ሽንፋና ወደ ጓንግ ወንዞች ዳር የተወረደ ዕለት ነው።

ይህ ምድር ብረት የሚፈታተን ምድር መሆኑ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊሊያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ከሱዳን በኩል ተነሥቶ፣ ከመተማ ፊት ለፊት ያለችውን ገላባትን ከኢጣልያኖች እጅ ወሰደ። ወደ መተማ አልፎ ለመግባት የተዘጋጁት ጥቂት ታንኮች ግን አብዛኞቹ በፈንጂና በድንጋይ ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ በየቦታው ቆሙ፤ የኢጣልያ አውሮፕላኖችም ፋታ አልሰጧቸውም። መተማ በዚያ ቀን ሳትያዝ ቀረች። ስሊም በኋላ በበርማ ጦርነት ስሙ የገነነ ጄኔራል ሆነ፤ ሆኖም የመጀመሪያ ትልቅ ትምህርቱን የተማረው በዚሁ በእኛ ድንበር ላይ ነው።

ወደ ጎማችን እንመለስ። ጎማን ከመኪና ውጭ መሸከም ከአውቶሞቢል ጋር አብሮ የኖረ ዘዴ ነው። በመጀመሪያው ዘመን መኪና ትርፍ ጎማ አልነበረውም፤ የተነፈሰው ጎማ በመንገድ ላይ ተፈትቶ ይለጠፍ ነበር። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1904 በዌልስ አገር በላኔሊ ከተማ ዴቪስ የሚባሉ ወንድማማቾች ተደራቢ ትርፍ ጎማ ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። ሱቃቸው የነበረበት ጎዳና ስቴፕኒ ይባል ነበርና ዕቃውም በዚሁ ስም ተጠራ፤ ሕንዶች እስከ ዛሬ ትርፉን ጎማ «ስቴፕኒ» ይሉታል። እኛም ብንሆን ከጋራዣችን ቋንቋ ግማሹን ያገኘነው ከጣሊያንኛ ነው፤ ጎሚስታ፣ ካላማዳሪ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ቦኮላ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ስፔኪዮ እያልን ስንናገር የሰው ቋንቋ እንደምንናገር እንኳ ትዝ አይለንም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የታወቀው ጂፕ ጎማውን ከጀርባው ለጥፎ ይሄድ ነበር፤ በ1940 ዓ.ም. የወጣው ላንድሮቨር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኮፈኑ ላይ ይሸከመዋል። በገጠር ሥራ የሚታወቀው ባለ ሰፊ ጣሪያ ላንድክሩዘርም በብዙ አገር ጎማውን ከኋላ በሩ ላይ ተሸክሞ ይታያል።

ባለ ሂሉክሱ እንግዲህ ምን ያድርግ? ሐሳቤን በግልጽ ልናገርና፣ ጭነቱ ትንሽ የሆነ ሰው ምንም መሸከሚያ ማሠራት አያስፈልገውም። ጎማውን ከሥር አውጥቶ ከጭነቱ ቦታ ውስጥ፣ ከጋቢናው ጀርባ አቁሞ በብሎን ቢያስረው ይበቃዋል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ከፖርቶ መጋላ ላይ መጫኑን ግን አልመክርም። ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከጣሪያ በላይ ሲቀመጥ ከአይከል ወደ ቆላው በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ መኪናውን ያንገዳግደዋል፤ ለማውረድም ሁለት ጉልበተኛ ይፈልጋል። ከበስተኋላ መሸከሚያ የሚያስፈልገው የጭነቱ ቦታ በሰውና በዕቃ ለሚሞላበት፣ ወይም በላሜራ ተሸፍኖ እንደ ቤት ለተሠራበት መኪና ነው። የእኛ ሾፌር መኪና እንዲህ ያለ ነበር።

መኪናው የመንግሥት ንብረት ስለ ሆነ አስቀድሞ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈልጋል። ወጣቱ ባለሙያ የጻፈው ማመልከቻ ሦስት ፊርማ ካየ በኋላ ተፈቀደለት። ይህን ስል እየቀለድሁ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤት መኪና ያለ ፈቃድ የበሳ ሰው ነገ በንብረት ቆጠራ ላይ ምን ብሎ እንደሚመልስ ያስብ።

የመጀመሪያው መሸከሚያ ግን ከንቱ ሆነ። አንድ በያጅ ጎማውን በቀጥታ ከኋላው ስፖንዳ ላይ በአራት ብሎን አሰረው። ሲያዩት ያምራል፤ ርካሽም ነው። በአንድ ወር ውስጥ የስፖንዳው ማጠፊያ ተለመጠ፤ ላሜራውም በብሎኖቹ ዙሪያ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ስፖንዳ የተሠራው ዕቃ እንዳይወድቅ ለመከልከል ነው እንጂ ቀኑን ሙሉ የሚነጥር ሸክም ለመያዝ አይደለም። ፋብሪካው ጎማ እንዲሸከም ባሰበው የላንድክሩዘር በር ላይ እንኳ፣ ከተለካለት የሚበልጥ ጎማ ሲጫንበትና ኮረኮንች ሲበዛበት በማጠፊያው ዙሪያ ቀለሙ በቀጭኑ ይሰነጠቃል። ያች ስንጥቅ ከቀለሙ በታች ብረቱም መሰንጠቁን ትነግረናለች።

እንግዲህ የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። የጎማው ሸክም መድረስ ያለበት ወደ ሻንሲው ነው። በር፣ ስፖንዳ፣ ላሜራ የመኪናው ቆዳ ነው፤ ሻንሲ ግን አጥንቱ ነው። ስለዚህ መልካም መሸከሚያ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የፋብሪካው የኋላ ፓራውልት ይወልቅና በቦታው ወፍራም የብረት ፓራውልት ይተካል፤ ይህም ከሁለቱ የሻንሲ ጫፎች ጋር በብሎን ይታሰራል። በአንዱ ዳር ላይ የቆመ ፔርኖ ይተከላል፤ በፔርኖው ላይ የሚዞር የብረት ክንድ ጎማውን ይሸከማል። ስፖንዳውን ለመክፈት ሲፈለግ ክንዱ እንደ በር ወደ ጎን ይዞራል።

ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቼ በፊዚክስ ትምህርት ስለ ማንሻ የተማሩትን አሁን ያስታውሱ። ጎማው 35 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ መካከሉም ከፔርኖው 70 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። 35 በ70 ሲባዛ 2,450 ይሆናል። የክንዱ ብረት ራሱ 15 ኪሎ ቢሆንና የክብደቱ መካከል 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢውል 600 ይጨመራል፤ ድምሩ 3,050 ነው። ይህን ሁሉ የሚችሉት ከፔርኖው ላይና ታች ያሉት ሁለት ቦኮላዎች ናቸው። በመካከላቸው 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ካለ፣ 3,050 ለ15 ሲካፈል በእያንዳንዱ ቦኮላ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ የጎን ግፊት ያርፋል ማለት ነው። 30 ሳንቲ ሜትር ቢራራቁ ግን ግፊቱ ወደ 100 ኪሎ ይወርዳል። አንድ ሳንቲም ብረት ሳይጨመር፣ ማራራቅ ብቻ ሸክሙን በግማሽ ቀነሰው! ይህ የቆመ መኪና ሂሳብ ነው፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ግፊቱ በዕጥፍና ከዚያም በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በያጅዎ «ማጠፊያ የበር ይበቃል» ቢልዎት ይህን ወረቀት ያሳዩት።

የእኛ በያጅ (ይኸኛው ሁለተኛው ነው) ከአሮጌ ተጎታች ላይ የተፈታ አጭር አክስ ከነኩሽኔታው አግኝቶ በፔርኖ ፈንታ አቆመው። ብልህ ሥራ ነው፤ ኩሽኔታ ግራሶ እየተቀባ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። በአዲስ አበባ የሚገኝ ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ በመርካቶ በሶማሌ ተራ ወይም በምናለሽ ተራ ቢፈልግ አያጣም። አክስ ካልተገኘም ወፍራም ፔርኖ በነሐስ ቦኮላ ቢሆን ይበቃል፤ ግራሶ የሚገባበት ቀዳዳ እንዲኖረው ግን ያስፈልጋል፤ የቆላ አቧራ ደረቅ ማጠፊያን በአንድ በጋ ይበላዋል።

ክንዱ ሲዘጋ ደግሞ በፔርኖው ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በወዲያኛው ዳር፣ በፓራውልቱ ላይ ተዳፋት ያላት ትንሽ መቀመጫ ትበየዳለች፤ ክንዱ ሲዘጋ በዚያች ተዳፋት ላይ ወጥቶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ክብደቱ ለሁለቱ ዳሮች ይካፈላል፤ ፔርኖውም ያርፋል። ከመቀመጫዋ ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ ይደረግ፤ አለዚያ ከገንዳ ውሃ እስከ ገለጉ ድረስ ብረት ሲንቋቋ ይሰማሉ። መቆለፊያው ራሱ የሚስብና የሚያጠብቅ ዓይነት ይሁን፤ ከእርሱም በላይ ለጥንቃቄ የምትገባ ማያዣ ፔርኖ በሰንሰለት ታስራ ትንጠልጠል። ክንዱ ሲከፈትም የሚደግፈው ዘንግ ያስፈልገዋል። መኪናው ቁልቁለት ላይ ቆሞ ሳለ 50 ኪሎ የሚመዝን ብረት በራሱ ቢዘጋ በመካከል የተገኘችው እጅ ትሰበራለች።

ጎማውን የሚይዘው ክብ ወይም ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳ ሲበሳ መለኪያውን ከመኪናው ላይ መውሰድ ይገባል። ባለ ሁለት ዲፈረንሻሉ ሂሉክስ ቸርኬ ስድስት ብሎን ሲሆን፣ የብሎኖቹ ክብ ስፋት 139.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ አምስት ብሎኑ ላንድክሩዘር ግን 150 ሚሊ ሜትር ነው። ከስድስቱ ሦስቱን ብሎን ብቻ መትከል ይበቃል፤ ዳዶዎቹ ግን የመኪናው ዳዶዎች ዓይነት ይሁኑ፤ አንድ ዳዶ በመንገድ ቢጠፋ ከዚህ ይበደሩለታል። ስለ ጎማው ስፋትም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። 265/65 አር 17 ተብሎ የተጻፈ ጎማ ስፋቱ 265 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የዚያ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 17 ኢንች ነው፤ ሲደመር ከጫፍ እስከ ጫፍ 78 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይህን ያህል ቦታ የኋላውን መብራት፣ ፍሬቻውንና ታርጋውን እንዳይሸፍን ሰሌዳውን ወዴት እንደሚያደርጉ አስቀድመው በጠመኔ ይሣሉ። ታርጋ ከተሸፈነ በየኬላው መቆም ነው፤ በዓመታዊው ምርመራም አያልፍም። በመካከለኛው ስፔኪዮ የሚታየውም ነገር ስለሚቀንስ የጎን ስፔኪዮዎቹ ደኅና መሆናቸው ይታይ። ከፍታው ደግሞ መጠነኛ ይሁን፤ ጎማውን የሚያነሣው አንድ ሾፌር ብቻ የሆነበት ቀን ይመጣል።

ስለ ብየዳው ጥቂት ልጨምር፤ እዚህ ላይ የሰው ሕይወት አለበት። በሻንሲው ላይ መበየድ አይገባም፤ እሳቱ ብረቱን ያደክመዋል። ያሉትን ቀዳዳዎች ተጠቅሞ በጠንካራ ብሎን ማሰር ይሻላል፤ በብሎኑ ራስ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ይፈልጉ። ከመኪናው ላይ ምንም ነገር ከመበየዱ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ አለዚያ ዲናሞውና የዛሬ መኪና ኮምፒዩተር ይቃጠላሉ። የነዳጅ ጋኑ የት እንዳለ ይታይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዚንክ የተነከረ የውሃ ቧንቧ ለክንድ ብለው አይበይዱ። ከእርሱ የሚወጣው ነጭ ጢስ ሰውን እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። በመተማ ወባ ሞልቷልና በያጁ ወባ ነው ብሎ ተኝቶ ሊያድር ይችላል! ባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ወይም ወፍራም አንግል ይሻላል። በክረምት ኤሌክትሮዱ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል፤ ስለዚህ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የቱቦላሬው ሆድ ከታች በትራፓኖ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳለት፤ ውሃ ከውስጥ ቆሞ ሲያዝገው ከውጭ አይታይም። ከዚያ በኋላ የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ይቀባ።

የዚህ ዓይነት መሸከሚያ ጉዳት የለውም አልልም። ፓራውልቱና ክንዱ ሲደመሩ 50 ኪሎ ያህል አዲስ ክብደት ከኋላ ይጨመራል። ሂሉክሱ ከፊት እግሩ እስከ ኋላ እግሩ 3.08 ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ክብደት ከኋላው እግር 1.30 ሜትር ወዲያ ሲንጠለጠል የኋላው እግር የሚሸከመው 50 ሳይሆን 71 ኪሎ ይሆናል፤ 21ዱ ከፊት እግር ላይ የተነሣ ነው። መሪው ትንሽ ይቀላል ማለት ነው። ይህን ያህሉ ይቻላል። አንዳንድ ሰው ግን ክንድ ካገኘ አይቀር ብሎ ሁለት ጀሪካን ውሃ፣ አካፋ፣ ክሪክና የሰሊጥ ጆንያ ይሰቅልበታል፤ ከዚያም ባሌስትራው ሲሰበር መንገዱን ይረግማል።

በእኛ ሾፌር መኪና ላይ ሁለተኛው መሸከሚያ ከተሠራ ሁለት ክረምት አልፏል። ባለፈው ጊዜ ጎንደር ላይ ሳገኘው ስለ ጎማው ጠየቅሁት። «አሁን ከመኪና ወርጄ እስክለውጥ ሃያ ደቂቃ ነው፤ ሸሚዜ እንኳ አይቆሽሽም» አለኝ። በከብት አርቢዎቹ መንደር ግን ያ ወጣት ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ እየደረሰ ከብቱን ራሱ እንደሚጠብቅ ነገረኝ። ሽማግሌው አሁንም አንዳንዴ «በረዶው አለ?» ብለው የሣጥኑን ክዳን ያስከፍቱታል አለ።

አሁን የቀረው ስለ ጎማው ራሱ ነው። ከሆዱ ሥር የነበረው ጎማ በጭቃ ይበላሽ ነበር፤ ከኋላ የተሰቀለው ደግሞ በፀሐይ ይበላሻል። የቆላ ፀሐይ ጎማን ያደርቀዋል፤ በጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ። ስለዚህ ከሸራ የተሰፋ ልብስ ይልበስ። ጎማው በምን ጊዜ እንደ ተሠራ ለማወቅ በጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክፈፍ ውስጥ የተጻፉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2319 ቢል፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሳይነካ ያረጀ ትርፍ ጎማ በገበያ ብዙ አለ፤ ሲገዙ ቁጥሩን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ያለዎትንም ከአራቱ ጋር በተራ እያዟዟሩ ቢጠቀሙበት ሳይሠራ ከማርጀት ይድናል። ነፋሱን በወር አንድ ጊዜ ያስለኩት፤ ሳይነካም ጥቂት በጥቂት ይተነፍሳልና። በበደኖና በግራር እሾህ መካከል ወደ ቋራ የሚገባ ሰው ግን አንድ ትርፍ ጎማ አይበቃውም፤ ሁለተኛውን ከጭነቱ ላይ ይጣል።

አዲስ የተሠራ መሸከሚያ ብሎኖቹ ይላላሉ። ከገንዳ ውሃ መተማ ዮሐንስ ድረስ አንድ ጊዜ ደርሰው እንደ ተመለሱ ሁሉንም በመፍቻ እንደገና ያጥብቁ፤ ከዚያም በየሳምንቱ በእጅዎ ክንዱን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ከተንቀሳቀሰ ቦኮላው ወይም ኩሽኔታው ጀምሮታል። ክሪኩን የሚያቆሙበት ወፍራም ሳንቃም በመኪናው ውስጥ ይኑር፤ በጎንና በጎን 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃዋል። ስለ ክሪክ ብዙ የሚነገር አለና ለሚመጣው ሳምንት ይቆየን።